ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አሮጌ ቤት፦ ሙቀቱን፣ ቅዝቃዜውን እና ፍሳሹን ለማስተካከል ከየት ይጀመራል?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ፣ ባለቤቴ እና ሁለት ልጆቻችን የምንኖርበት ቤት ከተሠራ 30 ዓመት አልፎታል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው በእንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ስስ ጣውላ ነው። ከሰዓት በኋላ መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ንጋት ላይ ደግሞ ልጆቹን ከብርዱ የተነሣ ተጠቅልለው ነው የምናገኛቸው።

በግምት ላለመናገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ለካሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውጭው 31 ዲግሪ ሲሆን መኝታ ክፍሉ 34 ይደርሳል። ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ከቤታችን ይሻላል ማለት ነው። ሊነጋ ሲል ውጭው 12፣ ውስጡ 15 ነው። ፀሐይ በማያገኘው ማእዘን፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ዝናብ ከንፋስ ጋር ሲመጣ በሁለት ቦታ ያፈስሳል። ወደ ምዕራብ የሚመለከቱት ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ አላቸው፤ ግን ሙቀቱን አላስቆሙትም።

ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመናል። ወንድሜ ሶላር ፓነል እና አየር ማቀዝቀዣ ግዙና ተገላገሉ ይላል። አንድ ተቋራጭ ደግሞ መጥቶ ግድግዳውን በሙሉ በፎም ልሸፍንላችሁ አለ፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረግ አንችልም። ባለፈው የሙቀት ወቅት ታናሿ ልጄ ሦስት ሌሊት ስታለቅስ አድራለች፤ የሚመጡት ዓመታት ከዚህ እንደሚብሱ ስለማውቅ ነገሩ ያስጨንቀኛል። ከየት ልጀምር?

አናጺው

እህቴ፣ 27 ዓመት ጣሪያ ላይ ስወጣና ስወርድ ኖሬያለሁ። ምክሬ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ውሃውን አቁሚ። በሚያፈስስ ጣሪያ ሥር የተነጠፈ ሙቀት መከላከያ የራሰ ፍራሽ ማለት ነው። መከላከያው የሚሠራው በውስጡ አየርን አስሮ ስለሚይዝ ነው፤ ውሃ ግን ሙቀትን ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ሲርስ ራሱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፣ የነካውንም እንጨት ያበሰብሳል።

ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ የገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ወራጁን ተከትሎ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ዝናብ እየዘነበ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ይግባና ምንጩን ይከታተል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ሚስማሩ በላላበት፣ ቆርቆሮው ከግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ወይም ሁለት ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ቦታ ይገኛል። የላላ ሚስማር ደግሞ ቢመታ ቀዳዳው ስለሰፋ ተመልሶ ይላላል፤ ጎማ ባለው የጣሪያ ብሎን መተካት ነው የሚሻለው።

እዚያው ሳላችሁ ወራጆቹን በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጓቸው። ወስፌው ያለ ጉልበት ከገባ እንጨቱ አልቋል። አሸንዳውን ጥረጉ፤ ከአሸንዳው የሚወርደውም ውሃ ከመሠረቱ ይራቅ። መሬቱ ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ቢያዘቀዝቅ ጥሩ ነው። ይህ ሥራ ለእንግዳ የሚያሳዩት ነገር የለውም፤ ቤት የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

የፊዚክስ መምህርት

ከአናጺው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ውሃው ከቆመ በኋላ ግን ጥያቄው ሙቀቱ በየት ይገባል የሚለው ነው፤ የእርስዎ መለኪያ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶናል። ውስጡ ከውጭው አየር በላይ የሚሞቅ ከሆነ ሙቀቱን ያመጣው አየሩ አይደለም። በቀጥታ ከፀሐይ ነው የመጣው፤ በጣሪያው እና በምዕራቦቹ መስኮቶች በኩል።

ጥርት ባለ ሰማይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ወደ 1000 ዋት ይቀበላል። የጣሪያው ስፋት 70 ካሬ ሜትር ቢሆን 70 ኪሎዋት ነው። የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ጣሪያ አብዛኛውን ይውጠዋል፤ በነጭ አንጸባራቂ ቀለም አዲስ የተቀባ ግን የሚያስቀረው ከሩብ አይበልጥም። ከተዋጠው የሚበልጠው ተመልሶ ወደ ውጭው አየር ይሄዳል፤ የቀረው ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ የጋለው ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ምድጃ ሙቀቱን በጨረር ወደ ኮርኒሱ ይልካል። ሌሊት የተገላቢጦሽ ነው። ቆርቆሮው ሙቀቱን በጨረር ወደ ጥርት ሰማይ ስለሚልክ ከአካባቢው አየር እንኳን በታች ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ ከቆርቆሮው ሥር ጠል የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ፍሳሽ ይመስለዋል።

አሁን ስለ ሙቀት መከላከያው ውፍረት። የአንድ ነገር የሙቀት መቋቋም የሚገኘው ውፍረቱን በሜትር ወስዶ ለማስተላለፍ አቅሙ በማካፈል ነው። የማስተላለፍ አቅሙ ለብረት 50 ገደማ፣ ለሸክላ ጡብ 0.7 ገደማ፣ ለእንጨት 0.13፣ ከመስታወት ወይም ከድንጋይ ለተፈተለ ጥጥ መሰል መከላከያ 0.04 ነው። ስለዚህ 10 ሳንቲሜትር የዚህ ጥጥ 0.1 ሲካፈል ለ0.04፣ 2.5 ይሰጣል። እንዲህ ዓይነቱን መቋቋም ከጡብ ብቻ ለማግኘት 1.75 ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ያስፈልግ ነበር።

የእርስዎ ቆርቆሮ እና ስስ ጣውላ፣ በመካከላቸው ካለው አየር ጋር፣ 0.3 ያህል ቢኖራቸው ነው። 5 ሳንቲሜትር ቢነጠፍ መቋቋሙ 1.55 ይሆናል፤ በጣሪያው የሚያልፈው ሙቀት ከቀድሞው ወደ 19 በመቶ ይወርዳል። በ10 ሳንቲሜትር 11 በመቶ፣ በ20 ሳንቲሜትር 6 በመቶ ይሆናል። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሜትሮች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ገንዘብ ውስን ሲሆን አንዱን ክፍል በ20 ሳንቲሜትር አንደላቆ ሌላውን ባዶ ከመተው፣ ሁሉንም በ10 መሸፈን ይሻላል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ክፍተት ሳይኖር ከዳር እስከ ዳር ከተነጠፈ ብቻ ነው።

ጥላ ፈላጊ

ስለ መስኮቶቹ አንድ ነገር ልበል። መጋረጃው ያልሠራው ከመስታወቱ በስተ ውስጥ ስለሆነ ነው። ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ መጋረጃውን ሲመታ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህን ሙቀት ደግሞ መስታወት በቀላሉ አያሳልፍም። ሙቀቱ ቤት ውስጥ ታሰረ ማለት ነው። ጥላው ከውጭ መሆን አለበት።

ምዕራብ ላይ ደግሞ ከመስኮቱ በላይ የሚዘረጋ ክፈፍ ብዙ አይረዳም፤ የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ከሥሩ ትገባለች። የሚረዳው የሚከፈትና የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ፣ ከውጭ የሚወርድ ሸራ፣ ወይም ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ተክል የወጣበት የእንጨት ፍርግርግ ነው። እኔ በምዕራቡ መስኮቴ ላይ የእንጨት መዝጊያ አሠርቼ በመጀመሪያው ከሰዓት ልዩነቱን በእጄ ዳስሼ አወቅሁት፤ የመስኮቱ ደፍ ከዚያ በፊት አያስነካም ነበር።

ብርሃን ለሁሉ

ይቅርታ አድርጉልኝና የወንድሟን ሐሳብ ልደግፍ። የሶላር ፓነል እና የአየር ማቀዝቀዣ ቴክኖሎጂ እጅግ ተሻሽሏል። ዘመናዊው መሣሪያ ሙቀት አይፈጥርም፣ ያጓጉዛል እንጂ፤ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያንቀሳቅሳል። ክረምት ከበጋ ያገለግላል። ፓነሉ ራሱ ጣሪያውን ያጠልላል። ለምን ዓመት ሙሉ በጥቃቅን ጥገና ይሠቃያሉ?

የፊዚክስ መምህርት

ብርሃን ለሁሉ፣ ስለ መሣሪያው ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ፓነሉ ጣሪያውን ማጥለሉም ትክክል ነው። ልዩነታችን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዛሬ የሚገዙት መሣሪያ የሚለካው ዛሬ ባለው የቤቱ ችግር ልክ ነው። በኋላ ጣሪያው ሲስተካከል ያ መሣሪያ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ ይቀራል። ትልቅ አየር ማቀዝቀዣ ደግሞ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚጠፋ እርጥበቱን የሚያወጣበት ጊዜ አያገኝም፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ እና እርጥበታም ይሆናል። ፓነሉም በሚያፈስስ ጣሪያ ላይ ከታሰረ ጣሪያውን ለመጠገን ተመልሶ መነሣቱ ነው።

ይህን ትምህርት ሰዎች በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1977 በካናዳ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ግዛት፣ በሬጂና ከተማ የተሠራ አንድ የሙከራ ቤት ነበር። መንግሥት የፈለገው በፀሐይ የሚሞቅ ቤት ነበር፤ ኢንጂነር ሃሮልድ ኦር እና ባልደረቦቹ ግን በዚያ የአየር ንብረት አስቀድሞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ መከላከል እንደሚበልጥ አዩ። ግድግዳውን አወፈሩ፣ ስንጥቁን ሁሉ ደፈኑ፣ ከቤቱ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው አየር እንዲያወርስ የሚያደርግ መሣሪያ አስገቡ። ውድ የነበረው የፀሐይ ማሞቂያ ሥርዓት በኋላ ከቤቱ ተነሣ፤ ወፍራሙ ግድግዳ ግን እስካሁን ይሠራል። ከዚያ በኋላ በ1988 ስዊድናዊው ቦ አዳምሰን እና ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፋይስት ሐሳቡን አሳደጉት፤ በ1990 እና በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት ክራኒክሽታይን በሚባለው ሰፈር አራት ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች ቆሙ። ዛሬ ፓሲቭ ሃውስ የሚባለው ደረጃ ከዚያ የወጣ ነው፤ ለማሞቂያ በዓመት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ15 ኪሎዋት ሰዓት በላይ እንዳይጠቀም ይጠይቃል።

የእርስዎ ሐሳብ ይቆይ እንጂ አይጣል እላለሁ። ቅርፊቱ ሲስተካከል ትንሽ መሣሪያ እና ጥቂት ፓነል ይበቃሉ።

አዛውንቱ ግንበኛ

ልጆቼ፣ ስንጥቅ ይደፈን የሚለው አሳስቦኛል። ቤት መተንፈስ አለበት። እኛ የሠራናቸው ቤቶች በየክፈፉ ሥር ክፍተት ነበራቸው፤ ሻጋታ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አሁን ሁሉን በሲሊኮን ደፍነው ውስጥ የሚሻግቱ ቤቶች በዝተዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አየር እና እርጥበት

አባባ፣ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ መልስ የሚገባውም ነው። ደፍኖ አየር መቀየሪያ ያላዘጋጀ ሰው ቤቱን ለሻጋታ አሳልፎ ሰጥቷል። ነገር ግን በስንጥቅ የሚገባው አየር ቤተሰቡ በሚፈልገው ጊዜ አይገባም። ንፋስ ሲነፍስ እና ውጭው ሲቀዘቅዝ ከመጠን በላይ ይገባል፤ ጸጥ ባለው ሙቅ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ አቧራ፣ ጢስ እና ነፍሳትም አብረው ይገባሉ። እኔ የምለው ስንጥቁ ይደፈን፣ መተንፈሻው ግን እኛ በወሰንነው ቦታ፣ በወሰንነው መጠን ይከፈት ነው። ያ ክራኒክሽታይን ላይ የተጀመረው ደረጃ በ50 ፓስካል ግፊት ሲፈተሽ የቤቱ አየር በሰዓት ከ0.6 ጊዜ በላይ እንዳይቀየር ይጠይቃል፤ የዚያኑ ያህል ግን አየር ማስገቢያ እና ማስወጫ መሣሪያ እንዲኖር ያስገድዳል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

የማለዳን ሻጋታ እንመልከት። አራት ሰው ያለበት ቤት በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ በመታጠብ እና ልብስ በማድረቅ በቀን ወደ 10 ሊትር ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። አየሩ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ 12 ዲግሪ የሆነ ማንኛውም ነገር ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጠራል። ሻጋታ ግን የሚታይ ጠብታ እንኳን አይጠብቅም፤ በግድግዳው ገጽ ላይ እርጥበቱ ለረጅም ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ይበቅላል። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አየር አይንቀሳቀስም፣ የክፍሉ ሙቀት አይደርስም፣ ማእዘኑ ደግሞ በሁለት በኩል ለውጭ የተጋለጠ ነው። ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም ወጪ፣ ሣጥኑን ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር አርቁት። ሻጋታውን አጽድታችሁ ከመታጠቢያው እና ከማብሰያው አየሩን በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ አስገቡ፤ ወደ ኮርኒሱ በላይ የሚያወጣ ማራገቢያ ግን እርጥበቱን ወደ ጣሪያው እንጨት ማዛወር ብቻ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቤት ውስጥ ጋዝ፣ ከሰል ወይም ማገዶ የሚነድ ከሆነ፣ ጢሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት እና ንጹሕ አየር የሚገባበት መንገድ ሳይዘጋጅ አንዲት ስንጥቅ አትድፈኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛን ሰው አያስነሣም።

አዛውንቱ ግንበኛ

አሁን ገባኝ፤ መተንፈሻው በልክ ይሁን ማለትህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። የእኛ ክፈፍ ሥር ያለው ክፍተት የሚያስተነፍሰው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ቦታ ነበር፤ እሱ እንዳይዘጋ አደራ።

ወፍራም ግድግዳ

እኔ የምኖረው ቀኑ እጅግ በሚሞቅበት፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደረቅ ቦታ ነው፤ የማለዳም ቁጥር እንደዚያ ነው፤ ከ12 እስከ 31። ይህ ልዩነት ሀብት ነው። ከባድ ግድግዳ እና ወለል ሙቀትን ቀስ ብለው ይውጣሉ፣ ቀስ ብለው ይለቃሉ። ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የጡብ ግድግዳ የቀኑን ትኩሳት ወደ ውስጥ እስኪያደርስ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያን ጊዜ ውጭው ቀዝቅዟል። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ በጭቃ ጡብ፣ በጉልላት እና ንፋስን ከላይ በሚቀልብ ማማ የሠራው ይህን አውቆ ነው። በኢራን ያዝድ ከተማ ያሉት የንፋስ ማማዎችም ከዚሁ ዕውቀት የመጡ ናቸው።

ለማለዳ የሚሆነው ይህ ነው፤ ጠዋት ውጭው ከውስጡ መሞቅ ሲጀምር መስኮት እና መዝጊያ ይዘጋ፤ ማታ ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ፊት ለፊት ያሉት መስኮቶች ይከፈቱ። ለሌሊቱ ሽቦ ወንፊት እና የብረት ፍርግርግ ካልተገጠመ ግን ማንም አይከፍትም፤ ስለዚህ እነዚህን ከጥገናው ክፍል ቁጠሯቸው። በብርዱ ወቅት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀን ፀሐይ አስገብቶ ማታ መዝጋት።

አንድ ቀን ግድግዳውን መሸፈን ከተቻለ መከላከያው ከውጭ በኩል ይሁን። ከውስጥ ከተለጠፈ ብሎኬቱ ከክፍሉ ይለያል፤ ያ ሁሉ ክብደት ሙቀት የማጠራቀም ጥቅሙ ይቀራል። ሌሊቱም ሞቃትና እርጥብ በሆነበት አካባቢ ግን ይህ ምክር አይሠራም። ከባድ ግድግዳ እዚያ የቀኑን ሙቀት መኝታ ሰዓት ላይ ይመልሳል፤ ለእነሱ የሚበጀው ቀላል ግድግዳ፣ ሰፊ ጥላ እና ቀን ከሌሊት የሚነፍስ አየር ነው።

የመዋቅር መሐንዲስ

ተቋራጩ ስላቀረበው ፎም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከውጭ የሚለጠፍ መከላከያ የሚቀጣጠል ወይም የማይቀጣጠል መሆኑን በጽሑፍ ሳያሳይ አንድም ሰው ግድግዳችሁን እንዳይነካ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በለንደን ግሬንፌል በተባለው ሕንፃ የደረሰውን አስታውሱ። ሕንፃው ኃይል እንዲቆጥብ እና ውጫዊ ገጽታው እንዲያምር ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ታድሶ ነበር። የተለጠፈበት ሽፋን ተቀጣጣይ ስለነበረ በአንድ ኩሽና የተነሣ እሳት ሕንፃውን በውጭ በኩል ተሳቦበት 72 ሰዎች ሞቱ። ከድንጋይ የተፈተለው መከላከያ አይነድም፤ ፎም ይነዳል። ፎም የግድ ከሆነ በሙሉ በልስን የተሸፈነ፣ በየፎቁ እሳት የሚያቆም መቀነት ያለው መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነጥቤ ንፋስ ነው። ኃይለኛ ንፋስ ጣሪያን ወደ ታች አይጫንም፤ ወደ ላይ ነው የሚስበው። ጣሪያው በክብደቱ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ይነሣል፤ ጣሪያ ሲሄድ ደግሞ ግድግዳው ደጋፊ አጥቶ ይወድቃል። መፍትሔው ከቆርቆሮው እስከ መሠረቱ ድረስ ያልተቋረጠ ማሰሪያ ነው፤ ቆርቆሮው ከማገሩ፣ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው አናት፣ ግድግዳው ከመሠረቱ። አንዲት ላላ ያለች ቦታ ሰንሰለቱን ትበጥሳለች። በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ካወደመ በኋላ እዚያ የግንባታ ደንቡ የተለወጠው ብዙ ቤቶች በዚህ ድክመት ስለፈረሱ ነው።

ለማለዳ የምለው፣ መከላከያውን ለመንጠፍ ከኮርኒሱ በላይ ስትገቡ እያንዳንዱን ወራጅ በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር እሰሩት። መከላከያው ከተነጠፈ በኋላ ያንን ቦታ ዳግመኛ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የኃይል ቁጠባ ሥራ እና የአደጋ መከላከል ሥራ አንድ መሰላል ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለት ጊዜ መውጣት ለምን?

ነርሷ

እኔ ግንባታ አላውቅም። የምጽፈው በሙቀት ሳቢያ የሚመጡ ሕሙማንን ስለማይ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የቀኑን ሙቀት ነው፤ ገዳዩ ግን ብዙ ጊዜ ሌሊቱ ነው። ሰውነት ሌሊት ካልቀዘቀዘ ልብ አያርፍም፤ ይህ ሁለት፣ ሦስት ሌሊት ሲደጋገም አዛውንቶች እና ሕፃናት ይደክማሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በቺካጎ ከ700 በላይ ሰዎች በሙቀት ሞተዋል። በነሐሴ 2003 በፈረንሳይ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲሞቱ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ነበሩ፤ ጣሪያ ሥር ባለው የመጨረሻ ፎቅ መኖር አደጋውን ከፍ ያደርግ እንደነበር በኋላ ተረጋግጧል።

የሙቀት ማዕበል ሲመጣ መብራት መጥፋቱም የተለመደ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዣ ስለሚከፍት። ስለዚህ ማለዳ፣ መብራት ባይኖር እንኳን ልጆቹ የሚተኙበት አንድ ክፍል ይኑራችሁ። ሁሉንም ክፍል በአንዴ ማስተካከል ካልቻላችሁ በዚያ ክፍል ጀምሩ። አየሩ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን በማራገቢያ ብቻ አትተማመኑ፤ ከዚያ በኋላ የሚነፍሰው ራሱ ትኩስ አየር ነው። ቆዳን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ እና ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

ማለዳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ወር ተኩል ጠፍቼ የመጣሁት ሠርተን ሳንጨርስ ላለመጻፍ ነው።

መጀመሪያ ውሃው። አናጺው እንዳሉት በዝናብ ባለቤቴ ባትሪ ይዞ ወጣ። ምንጩ ከምንጠብቀው ቦታ 4 ሜትር ርቆ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ ነበር። ሁለት ወራጆች በወስፌ ሲወጉ እንደ ዳቦ ለሰለሱ፤ ተለወጡ። መሐንዲሱ ያሉትንም አልረሳንም፤ ሁሉም ወራጆች በብረት ማሰሪያ ታስረዋል። ከዚያ ቆርቆሮው ታጥቦ ነጭ አንጸባራቂ ቀለም ተቀባ፣ ኮርኒሱ ላይ 10 ሳንቲሜትር የድንጋይ ጥጥ ተነጠፈ። ምዕራብ ላይ ከውጭ የእንጨት መዝጊያ ተሠራ፤ ሁለት መስኮቶች ወንፊት እና ፍርግርግ ተገጠመላቸው። ሻጋታው ከጸዳ በኋላ አልተመለሰም፤ ሣጥኑም ከግድግዳው ርቋል።

ቁጥሮቹ እነሆ። ባለፈው ሳምንት ውጭው 31 በሆነባቸው ሦስት ቀናት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መኝታ ክፍሉ 27 ነበር። 34 ነበር እኮ! ንጋት ላይ ውጭው 12 ሲሆን፣ ማታ ከዘጋነው፣ ውስጡ 18 ይሆናል። ልጄ ሳትነቃ ታድራለች። ከዚህ በላይ ምን እንደምል አላውቅም።

አንድ ስሕተት ሠርተናል፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ልናገር። ጥጡን ስንነጥፍ እስከ ክፈፉ ጥግ ድረስ አጭቀን ገፋነው። በአሥረኛው ቀን ንጋት ላይ ከጣሪያው ሥር ጠብታ አየን፤ አፈሰሰ ብለን ደነገጥን። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። የመምህርቷ ስለ ጠል የጻፉት ትዝ አለኝ። አዛውንቱ አደራ ያሉትን የክፈፍ መተንፈሻ ራሳችን ዘግተነው ነበር። ጥጡን ከክፈፉ ወደ ኋላ ስበን፣ አየሩ ከቆርቆሮው ሥር እንዲያልፍ 5 ሳንቲሜትር ያህል መንገድ በጣውላ ከለልንለት። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ነው። ከሥር ደግሞ በመብራት ገመዶቹ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች ደፈንን፤ የቤቱ እርጥብ አየር ወደ ላይ የሚወጣው በእነሱ በኩል ነበር።

አየር ማቀዝቀዣ አልገዛንም። ወንድሜ ትናንት ከሰዓት በኋላ መጥቶ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ መሣሪያው የት እንዳለ ጠየቀኝ።

ጠፍጣፋ ጣሪያ

ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንብቤዋለሁ። የእኔ ጣሪያ ግን ጠፍጣፋ አርማታ ነው፤ ከኮርኒስ በላይ የሚባል ቦታ የለኝም። ለእኔ ምን ይሆናል?

አናጺው

ወንድሜ፣ ለአንተም መጀመሪያ ውሃው ነው። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ካለ ወደ አሸንዳው እንዲያዘቀዝቅ አስተካክለህ ውሃ መከላከያውን በደንብ አንጥፍ። ከዚያ ሙቀት መከላከያውን ከውሃ መከላከያው በላይ አድርገው፤ ውሃ የማይጠጣ፣ ቀዳዳዎቹ ዝግ የሆኑ ጠንካራ ፎም ያስፈልጋል፤ ተራው ነጭ ፎም ውሃ ይጠጣል። በላዩ ላይ ንፋስ እንዳያነሣው እና ፀሐይ እንዳይጎዳው ጠጠር ወይም ንጣፍ ይጫን። እንዲህ ሲሆን ውሃ መከላከያው በየቀኑ እየጋለ እና እየቀዘቀዘ ከመሰንጠቅ ይድናል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ክብደቱን ጣሪያው ይችል እንደሆነ ግን አስቀድመህ መሐንዲስ አሳይ። የካሬ ሜትሩን ስፋት እና የአሸንዳውን ቦታ ብትጽፍልን የማዘቅዘቁን ልክ አብረን እናወጣለን።

ጠፍጣፋ ጣሪያ

12 ሜትር በ8 ሜትር ነው፤ መውረጃው አንድ ብቻ፣ ማእዘኑ ላይ። ነገ ውሃ አፍስሼ የት እንደሚተኛ በጠመኔ ከብቤ እመለሳለሁ።